ሁለት ሚዛን ላይ የቆመችው ተቆጣጣሪ

የምሥራች! ሠላሳ አራትና ሠላሳ ሦስት ሆነ! ምስክርም አለ፤ ያውም ክፉዋን የሚመኝ ምስክር! ቆይ፣ ደስታው አጣድፎኝ የማን እንደሆነ ሳልናገር ወደ ቁጥሩ ሮጥኩ።

የምሥራቹ የእትዬ ግራም ነው። እናት አባቷ ያወጡላት ስም ሌላ ነው፤ ይህን ያወጡላት የገበያ ሰዎች ናቸው። ሥራዋ የሚዛን ተቆጣጣሪነት ነው። የሚዛን ድንጋዮቿን በቆዳ ቦርሳ ይዛ፣ ቦርሳዋን በቀኝ ትከሻዋ አንግታ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ከሱቅ ሱቅ ዞራለች። ድንጋይዋን በነጋዴው ሚዛን ላይ ታስቀምጣለች፤ ቁጥሩ ከተዛባ ታሽጋለች፤ አለቀ። ከዚህ የተነሳ ጥርጣሬ አጥንቷ ድረስ ገብቷል። ቤት ውስጥ ስኳር ቶሎ ካለቀ ቀለም ቀቢ ባሏን የምታይበት አስተያየት፣ ምስኪኑን «እኔንስ መቼ ነው የምታሽጊኝ?» እስኪል ያደርሰዋል።

«ጠርጥር ያለው ሰው፣ ስንጥሩን አግኝቶ ነው» ትለዋለች።

ታዲያ አንድ ጠዋት ከአልጋዋ ስትወርድ፣ ከግራ መቀመጫዋ እስከ ቁርጭምጭሚቷ የጋለ ሽቦ የተሳበባት መሰላት። ሐኪሙ፣ ከወገብ ተነስቶ እስከ እግር የሚወርደው ሲያቲክ የሚባል ነርቭ ተጭኗል አላት። ማስታገሻ አዘዘላት፤ ተኝታ እንዳትውል መከራት፤ ቀስ ያለ ዮጋም ሊረዳት እንደሚችል ነግሮ የአንዲት አሰልጣኝ አድራሻ ጻፈላት።

«ከልጅቷ ጋር ዝምድና አላችሁ?» አለችው።

«የለንም።»

«ጉርብትናስ?»

ነገሩ ግን የቀልድ አልነበረም። የእህል ነጋዴዎች ሚዛን መሬት ላይ የሚቀመጥ ነው። እሱን ለመፈተሽ ቁጢጥ ብሎ ድንጋዩን መደርደር፣ ከዚያም መነሳት ግድ ነው። እሷ ደግሞ ቁጢጥ ካለች ሁለት ሰው ካልጎተታት አትነሳም። አለቃዋ ስድስት ሳምንት ሰጣት፤ ያኔ ፊቱ ቁጢጥ ብላ መነሳቷን ይፈትናል። ካልተሻላት መዝገብ ቤት ትገባለች፤ ወረቀት ስታገላብጥ ጡረታዋን ትጠብቃለች። ገበያን ከእትዬ ግራም መንጠቅ በቁሟ እንደ መቅበር ነው።

እያቅማማች ወደ ዮጋው ሄደች። ክፍሉ ከአንድ የልብስ እጥበት ቤት በላይ ነው፤ የሳሙና ሽታና የእንፋሎት ሙቀት ወለሉን ሰንጥቆ ይወጣል። ገና ስትገባ የግድግዳው ሰዓት ሦስት ደቂቃ እንደሚቀድም አየች። «ጀመሩ» አለች በሆዷ። ቀጥላ ያየችው ይባስ አስደነገጣት፤ አምና ሚዛኑን ያሸገችበት ሽንኩርት ሻጭ ከጎኗ ባለው ምንጣፍ ላይ ተንጋሎ ጉልበቱን ታቅፏል።

«እትዬ ግራም! እዚህ ደግሞ ምን ሊያሽጉ መጡ?»

«አንተስ ምን ትሠራለህ?»

«ወገቤን ነዋ። ከእርስዎ ስሸሽ ነው የተበላሸው።»

አሰልጣኟ ረጋ ያለች ልጅ ናት። «እትዬ፣ አይታገሉት» አለቻት። «ሕመሙ ወደ እግርዎ ከወረደ ወዲያው ያቁሙ። እግርዎን ለቆ ወደ ወገብዎ ከተሰበሰበ ግን ደስ ይበልዎ።»

«እንዲህ ያለ ንግድ የት ይገኛል? ሕመሜን አጥፊልኝ ብዬ ብመጣ፣ ወገብሽን ካመመሽ ደስ ይበልሽ!» አለች በሆዷ። በመጨረሻ ሁሉም ተጋድመው ዓይናቸውን እንዲጨፍኑ ተነገራቸው።

«እትዬ፣ አንድ ዓይንዎ ክፍት ነው።»

«እሱ ሥራ ላይ ነው» አለች፤ ቦርሳዋን እየጠበቀች።

እስከዚህ ድረስ ችላው ነበር። ነገር የመጣው በሦስተኛው ቀን፣ ልጅቷ «ክብደትዎን በሙሉ ቀኝ እግርዎ ላይ ነው የሚጥሉት» ስትላት ነው። እትዬ ግራም! ሰው ሁሉ ሲያጋድል የምትይዝ ሴት፣ አጋደልሽ ተባለች!

«እኔ እኩል ነው የምቆመው። አረጋግጥልሻለሁ» አለች።

በሚቀጥለው ቀን ሁለት የሰው ሚዛን ተሸክማ መጣች፤ አንዱን ከቤቷ፣ አንዱን ከመሥሪያ ቤቷ፤ ሁለቱንም ራሷ ፈትሻ። ጎን ለጎን አስቀምጣ አንድ አንድ እግሯን በየሚዛኑ ላይ አሳረፈች። ግን ቁጥሩን ለማየት ስታጎነብስ ክብደቷ ይናጋል፤ ቁጥሩ ይጨፍራል። ቀና ብላ ካልቆመች አይሆንም፤ ስለዚህ ሌላ ሰው ያንብብላት። ማን? ልጅቷ የራሷን ሸቀጥ ራሷ ልትመዝን? ሌሎቹም ደንበኞቿ ናቸው፤ ያደሉላታል። ልጅቷን ለማስደሰት የማይዋሽ አንድ ሰው ብቻ ቀረ።

«አንተ፣ ና አንብብ።»

ሽንኩርት ሻጩ በደስታ ተንበረከከ። «ቀኝ አርባ አንድ ኪሎ። ግራ ሃያ ስድስት።»

«ውሸታም! ቂምህን ልትወጣ ነው!»

«ራሷ ትይልኝ» ብሎ ወደ አሰልጣኟ ዞረ። እሷም ጎንበስ ብላ ያንኑ አነበበች።

«ሚዛኖቹ ይለዋወጡ!» አለች እትዬ ግራም። ይህቺ የጥንት ዘዴዋ ናት፤ የሚዋሽ ሚዛን የትም ቢያስቀምጡት ውሸቱን ይዞ ይሄዳል። የቀኙ ወደ ግራ፣ የግራው ወደ ቀኝ ሄደ። ወጣችባቸው። አሁንም ቀኝ አርባ አንድ።

ሰውዬው ሊስቅባት ይችል ነበር፤ አልሳቀም። «እትዬ» አላት በቀስታ፣ «ሚዛኑስ ጤነኛ ነው።»

በዕድሜዋ ያልጠረጠረችው ሰው አንድ ብቻ ነበር፤ ራሷ። የታመመውን ግራ እግሯን ስትሸሽ ወደ ቀኝ እንደተጠጋች፣ ቦርሳውም ሳያግዝ እንዳልቀረ ልጅቷ አስረዳቻት። በማግስቱ ድንጋዮቿን ለሁለት ከፍላ፣ ከፊሉን በቀኝ ከፊሉን በግራ አነገተች።

ቤትም መለማመድ ጀመረች። በጀርባዋ ተኝታ የአንድ እግሯን ቁርጭምጭሚት በሌላው ጉልበቷ ላይ ታነባብራለች፤ በአራት እግሯ ሆና እንደ ድመት ጀርባዋን ታጎብጣለች። ባሏ በበር አጮልቆ «ድመቷ፣ አይጥ ተገኘ?» ይላታል። ሽንኩርት ሻጩ በየክፍለ ጊዜው ያነብላታል፤ እሷም በየጊዜው ሚዛኖቹን ታለዋውጣለች። ቀኙን ሠላሳ ስምንት አለ። ሠላሳ ስድስት አለ። ቁም ሳጥን የገፋች ዕለት ተመልሶ አርባ ገባ። ያ የጋለ ሽቦ ግን መጀመሪያ ቁርጭምጭሚቷን ለቀቀ፤ ቀጥሎ ጉልበቷን፤ በመጨረሻ ወገቧ ላይ ብቻ ኩርምት ብሎ ቀረ። ለልጅቷ አልነገረቻትም። «እንዳትኮራ» ብላ።

ዛሬ ጠዋት ስድስተኛው ሳምንት ሞላ። ወደ ፈተናው ከመሄዷ በፊት ሁለቱ ሚዛን ላይ ቆመች።

«ቀኝ ሠላሳ አራት። ግራ ሠላሳ ሦስት።» አለ ሽንኩርት ሻጩ።

ዓይኗን አጠበበች። «አንተ፣ እኔ መዝገብ ቤት ብገባ ለአንተ ሠርግ ነው አይደል?»

«ነው እንጂ!»

«ታዲያ ለምን አርባ አላልክም?»

ራሱን አከከ። «አንዴ አሽገውብኛል እኮ፣ እትዬ። አልደግመውም።»

መረመረችው። ቢዋሽ የሚጠቀም ሰው ካልዋሸ፣ ቃሉ ከየትኛው የሚዛን ድንጋይ ያንሳል? ከሚዛኖቹ ወረደች፤ አላለዋወጠቻቸውም!

ከዚያ እህል ገበያ፣ አለቃዋ ፊት። ቁጢጥ አለች። ድንጋዮቹን አንድ በአንድ ደረደረች። ምንም ሳትይዝ፣ ማንንም ሳትጠራ፣ ቀጥ ብላ ተነሳች።

«በቃ፣ አልፈሻል» አለ አለቃዋ።

«እኔ አልፌያለሁ፤ ሚዛኑ ግን ሁለት መቶ ግራም ይጎድለዋል» ብላ እዚያው አሸገችው።

ባሏ የሰው ቤት ጣሪያ ሥር መሰላል ላይ ቆሞ ቀለም ይቀባል፤ ገና አልሰማም። ያ ሽንኩርት ሻጭ ደግሞ ጋሪውን ወደዚያ ሰፈር ሲገፋ አይቼዋለሁ። ቀድሞኝ ሊነግረው ነው ብዬ እጠረጥራለሁ፤ ልሩጥ!