የእትዬ ወርቄ ጥቁር ቀሚስ

ሰሞኑን መገናኛ፣ ጥቁር አባያ ከሚደረደርበት ሱቅ ደጃፍ ሳልፍ፣ የአዲስ ጨርቅ ሽታ ድንገት አወደኝና እህቴ ሰሚራ ወደ ጅዳ የሄደችበትን በጋ አስታወሰኝ። የደርግ ዘመን ነበር፤ ቤታችን የካ፣ ባሕር ዛፉ ሥር። ሰሚራ እዚያ ለሚኖር የአባቴ ዘመድ ተድራ፣ ስንት ደጅ ተጠንቶ የመውጫ ፈቃዷ ከተገኘ በኋላ፣ የቀረን ሻንጣዋን ማሰናዳት ብቻ ነበር።

እሱ ግን እንዲያ ያደክማል ብሎ ማን ገመተ። እናቴ ከእንጦጦ ነፋስ ሌላ አየር አታውቅምና ወፍራም ሹራብ ትከታለች፤ ምጽዋ የኖረችው አክስቴ ሐሊማ ታወጣለች። አክስቴም ሰሚራን በር ላይ፣ ፀሐዩ ከኋላዋ እንዲሆን አድርጋ እያቆመች፣ እግሯ በቀሚሱ ውስጥ ይታይ እንደሆነ ትመረምር ነበር። እነዚያ የምቀናባቸው ባለ አበባ ቀሚሶች ሁሉ ወደቁ። በመጨረሻ አክስቴ፣ እዚያ አገር የሚያዋጣው ረዥም ጥቁር ነው ስትል፣ እናቴ ከተቀመጠችበት ተነሣች።

«በሕይወት ያለች ልጄን ከል አልብሼ አልሸኝም» አለች።

አጠገቧ ተቀምጠው የነበሩት ጎረቤታችን እትዬ ወርቄ ይህን ሲሰሙ ወደ ቤታቸው ሄዱ፤ ሲመለሱ በነጠላ የተጠቀለለ ጥቁር የጥጥ ቀሚስ ይዘው ነበር። አንድ ልጃቸው በቀይ ሽብር ሲገደል ያሰፉት ነው። በዚያን ጊዜ እንደ እሱ ለተገደለ ማልቀስም ከል መልበስም ክልክል ስለነበር፣ አንድ ቀን እንኳ ገላቸው ላይ አልዋለም።

«እኔ እንዳልለብሰው ተከለከልኩ። እሷ ጥቁር ኀዘን በማይሆንበት አገር ትልበሰው» አሉ።

እናቴ ቀሚሱን በሁለት እጇ ተቀበለች። በመሄጃዋ ቀን ሰሚራ ቀሚሱን ለብሳ ደጅ ስትወጣ ሁላችንም አለቀስን፤ የእትዬ ወርቄ ልቅሶ ግን የሽኝት አልነበረም። ደረታቸውን እየደቁ፣ የልጃቸውን ስም እየጠሩ፣ ዓመታት ያፈኑትን ድምፅ ለቀቁት። በዚያ የሚያልፍ የቀበሌ ጥበቃ ቆም ብሎ ማን ሞቶ ነው ብሎ ጠየቀ።

እናቴ እትዬ ወርቄን ደረቷ ላይ አቅፋ፣ «ማንም አልሞተም፤ ልጃችንን እየሸኘን ነው» አለችው። መንገዱን ቀጠለ፤ እሳቸውም እስኪወጣላቸው አለቀሱ።

ሰሚራ እዚያው ወልዳ እዚያው ቀረች፤ እናቴና እትዬ ወርቄም ካረፉ ቆዩ። ዛሬ ማልቀስን የሚከለክለኝ የለም፤ ሲከፋኝ ግን አቅፎኝ የሚያለቅስ ሰው ከሰፈሩ አጥቻለሁ።