ሁለት እፍኝ ኮሶ

ጤናህን እንዲህ ጠብቅ፣ ገንዘብህን እንዲህ ያዝ፣ ንዴትህን እንዲህ አብርድ የሚሉ መጻሕፍት ዛሬ በየመንገዱ ዳር ይሸጣሉ። በጣሊያን ጊዜ ባሕር ዳር ውስጥ እንደዚያ ያለ መጽሐፍ እኔ የማውቀው አንድ ብቻ ነበር፤ አባቴ በብራና የጻፉት። ከፊት መድኃኒቱ፣ ከኋላ ምክሩ። ስለ ንዴት የጻፉትን በቃሌ አውቀዋለሁ። አንድም ቀን አልጠቀመኝም።

አባቴ ደብተራ ነበሩ። የቆሰለ አርበኛ እቤታችን ደብቀው ሲያክሙ፣ አምስት ዓመት እንጀራችንን የበላ ተማሪያቸው ለጣሊያን ነገረባቸው። ወስደው ሰቀሏቸው። ተማሪው መጽሐፉን ከግድግዳችን አውርዶ ባንገቱ አንጠለጠለና ለባንዳና ለሹም መድኃኒት አዋቂ ሆነ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል፤ እኔማ ለመርሳት አልሞከርሁም። ውሃ ልቀዳ ወደ ጣና ስወርድ ባጠገቡ አልፋለሁ፣ እጅ እነሳዋለሁ፤ በሆዴ ግን የሚሞትበትን መንገድ እመርጥለታለሁ።

የጣሊያኑ ሹም በየባላባቱ ቤት ጥሬ ሥጋ ለምዶ ኖሮ ኮሶ ያዘው። የራሳቸው ሐኪም ጎንደር ስለነበር ተማሪውን አስጠራ። ተማሪውም በነጋታው እኛ ቤት መጣ።

«እኅት ዓለም፣ መጽሐፉ ሁለት እፍኝ ይላል። የኔታ ስንት ነበር እሚሰጡት?» አለኝ።

ወዲያው ገባኝ። አባቴ ቀኝ እጃቸው በልጅነታቸው ተቃጥሎ ጣቶቻቸው ተኮማትረው ነው የቀሩት። የእሳቸው ሁለት እፍኝ የሌላውን ሰው አንድ አይሞላም። መጽሐፉ ላይ ያሰፈሩት የዚያን እጅ ልክ ነው። ኮሶውን ሲሰፍሩ ተቀብዬ የምወቅጥ እኔ ነበርሁ። እሱ መውቀጥ የሴት ሥራ ነው ብሎ ወደ ጓዳ ዝር አይልም ነበር። እጁ ደግሞ አካፋ ነው።

«ጋሼ፣ አባቴ ከጻፉት አልፌ እኔ ምን አውቃለሁ? መጽሐፉ ያለውን ያድርጉ እንጂ» አልሁት፤ በአንቱታ። ደስ ብሎት ሄደ። እኔም ደስ አለኝ፤ አልዋሽም።

ሹሙ ሦስት ቀን ከሞት ጋር ታገለ። በአራተኛው ቀን በሰው ተደግፎ ወጣና ተማሪውን ሐይቁ ዳር ካለው ዋርካ አሳስሮ በጉማሬ አለንጋ አስገረፈው። ሰዉ ሁሉ እንዲያይ ታዞ ስለነበር እኔም ሄጄ ከፊት ቆምሁ። ተማሪው አየኝ፤ ነገሩ እንደገባው ከዓይኑ አወቅሁ። እሷ ናት ቢል ግን አዋቂ ነኝ ያለው ሰው ከሴት ልጅ ምክር መጠየቁን መናገሩ ነው። ኩራቱ አፉን ያዘለት። የታሰረበት ገመድ ላይ ሞቶ እስኪንጠለጠል ድረስ ዓይኔን አልነቀልሁም። አባቴም እንዲሁ ተንጠልጥለው ነበር።

ልሄድ ዘወር ስል አንድ ወታደር መጽሐፉን አምጥቶ እሳት ውስጥ ጣለው። ይህን አላሰብሁትም ነበር። ብራናው ተጨማትሮ የአባቴ እጅ ጽሑፍ ሲጠቁር እንባዬን መያዝ አቃተኝ። አጠገቤ የቆሙ አሮጊት ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፣ «ልጄ፣ ለባንዳ አይለቀስም» አሉኝ።

ከአባቴ የቀረኝ ያ መጽሐፍ ብቻ ነበር። መጽሐፉ እንደሚቃጠል መልአክ አስቀድሞ ቢነግርሽ ኖሮ ምን ታደርጊ ነበር ትሉኝ ይሆናል። ለተማሪው ያንኑ መልስ እሰጠው ነበር።