በሠርጌ ቀን የተረጨው አረንጓዴ ሽቶ

«ሠርግሽ እንዴት ነበር?» የሚሉኝ ሰዎች አሉ። ተናድጄ ነበር እላቸዋለሁ። ይስቃሉ። እኔ ግን ዛሬም ንዴቱ አልወጣልኝም።

ነገሩ የሽቶ ነው። ታላቅ ወንድሜ ባሕር ዳር ውስጥ በአንድ ትምህርት ቤት ወርክሾፕ ይሠራ ነበር። አንድ ሩሲያዊ መምህር ወደ አገሩ ሲመለስ አረንጓዴ ሽቶ በስጦታ ሰጠው። አበባ አበባ የሚል አልነበረም። ጣና ዳር ካለው ሾላ ቅጠል ቀንጥሳችሁ በጣታችሁ ብታሹት የሚወጣው ሽታ ነው፤ እርጥብ፣ መረር ያለ። ወንድሜ ጠዋት ጠዋት አንገቱ ላይ ጠብ አድርጎ ሲወጣ እናቴ «ሂድ አንተ ቅጠል!» ትለዋለች። ማታ ሲመለስ ደግሞ ከእሱ በፊት ሽታው ቤት ይገባል።

ከዚያ አፈሳ መጣ። የቀበሌያችን ሊቀመንበር ኮታ ጎደለበትና ወንድሜን ከሰፈራችን ከሹም አቦ ወደ ሥራ ሲሄድ መንገድ ላይ አስያዘው። ብሔራዊ ውትድርና ተባለ፤ ወደ ሰሜን ተጫነ፤ ድምፁ ጠፋ። ሞተ የሚል መርዶ የለም፣ አለ የሚል ወሬም የለም። እናቴ ሽቶውን በሻሽ ጠቅልላ ሣጥኗ ውስጥ ቆለፈችበት። እሑድ እሑድ ክዳኑን ከፍታ ታሸትና መልሳ ትዘጋዋለች። አንዲት ጠብታ አታባክንም። መርዶ ላልመጣበት ሰው አይለቀስለትም፤ ከልጇ የቀራት ያ ሽታ ብቻ ነበር።

እኔ ሳገባ ያንኑ ሊቀመንበር መጥራት ግድ ሆነብን። ስኳሩ ያለ እሱ አይገኝ፣ ዳሱ ያለ እሱ አይጣል። እናቴ ልጇን ለወሰደባት ሰው ጎንበስ ብላ «ይግቡ፣ ወደ ላይ ይቀመጡ» አለችው። እኔ ጓዳ ውስጥ ቬሎ ለብሼ ጥርሴን ነከስሁ። ሙሽራ አንገቷን ደፍታ ትቀመጥ ተባለ እንጂ ትሳደብ ማን አላት!

ሚዜዎቹ ደግሞ ያለ ሽቶ መጡ። ልማዱ የታወቀ ነው፤ የሙሽሪት ወገን ሴቶች በር ይዘው ይዘፍናሉ፣ ሚዜዎች ሽቶ ይረጩባቸዋል፣ በሩ ይለቀቃል። በዚያ ዘመን ሽቶ ከየት ይምጣ? ሱቁ ሁሉ ባዶ ነው። ሴቶቹ ግን ወይ ፍንክች! የሙሽራው ወገን አኮረፈ፤ ጨዋታው ወደ ጭቅጭቅ ዞረ። አክስቴ ሠርገኛ መጣ በርበሬ ቀንጥሱ ሆነባት። የቤቱ ቁልፍ ሁሉ ለዕለቱ በእሷ እጅ ስለነበር የእናቴን ሣጥን ከፍታ ሽቶውን አወጣች።

«ኧረ እትዬ፣ እሱንስ አይሆንም!» አልኋት።

«ዝም በይ፣ ሙሽራ አይደለሽም እንዴ! በሰው ፊት ከምንዋረድ ይረጭ። ለእናትሽ ሌላ እገዛላታለሁ» አለችና በመስኮት አቀበለቻቸው።

ሌላ! ከየትኛው ገበያ ነው ሌላ የሚገዛው? ለእሷ ሽቶ ሽቶ ነው።

ረጩት። በሩ ላይ፣ ሴቶቹ ፀጉር ላይ፣ ከዚያም ዳስ ገብተው የክብር እንግዳው ላይ። በጓዳው መስኮት አየዋለሁ፤ ሊቀመንበሩ የኮቱን ኮሌታ ገልጦ አንገቱን ሰጣቸው። የተረፈውን ሁሉ እሱ ላይ ጨረሱት።

እናቴ ጓሮ ወጥ ታስወጣ ነበር። ሽታው እዚያ ደረሳት። ጭልፋውን ጥላ «መጣ! ልጄ መጣ!» እያለች ዳሱ ውስጥ ገባች። ዘፈኑ ተቋረጠ። ሰውን እየገፋች፣ ሚዜዎቹን እያለፈች፣ ሽታው ወደ በረታበት ሄደች። የሊቀመንበሩን ኮት በሁለት እጇ ጨምድዳ አንገቱን አሸተተች። ቀና ብላ ፊቱን አየች።

«የት አደረግኸው?» አለችው፤ እስከዚያ ቀን አንቱ ነበር የምትለው።

እጆቿን ከኮቱ ላይ አላቀቀና «እማማ፣ ዛሬ እኮ ሠርግ ነው» አላት።

እናቴ ሠርገኛው ሁሉ እያየ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለበሰችና የልጇን ስም እየጠራች ደረቷን ትመታ ጀመር። ማንም መርዶ አልነገራትም። እኔ ከጓዳ ወጥቼ፣ ቬሎዬን እንደለበስሁ አጠገቧ መሬት ላይ ተቀመጥሁ።