የላሟ ነጭ በየት በኩል ነበር?

ተረቱ የላም ነበር፤ ሐሳቡም የእኔ ሳይሆን የባልደረባዬ። ጠዋት ጠዋት ከጋምቤላ ከተማ በሰርቪስ እየሄድኩ ኩሌ የስደተኞች መጠለያ ጣቢያ ውስጥ ከእሷ ጋር ሕፃናት አስተምራለሁ፤ እሷ በኑዌርኛ ታወራቸዋለች፣ እኔ እሥልላቸዋለሁ። ከደቡብ ሱዳን ስትሰደድ አባቷ የሰጧትን ላም ጥላ ነው የመጣችው። እዚህ የተወለደች ትንሽ ልጇ ግን «እውነት ላም ነበረን?» እያለች ታደርቃታለች። አላመነቻትም። ስለዚህ ላሟን የሥዕል መጽሐፍ ውስጥ ልናስገባት ተስማማን።

የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የሚባለው ለእኔ ነው። በዚያው ከሰዓት አንዲት ላም በእርሳስ ነድፌ «በይ ታሪኩን ጀምሪ» አልኳት።

ወረቀቱን አየችና «የማን ናት?» አለች።

«ያንቺ ናታ!»

«መልኳስ?»

«ቀለም መጨረሻ ላይ ነው የሚቀባው።»

ሳቀችብኝ። እነሱ ዘንድ ላም የምትጠራው በመልኳ ነው፤ መልኳ ካልታወቀ የማን እንደሆነች አይታወቅም፣ ታሪኩም አይጀመርም። እሺ ንገሪኛ! ጥቁር ናት፣ አንዱ ጎኗ ላይ ነጭ አላት። በየትኛው ጎን? አንዴ ወደ ግራ፣ አንዴ ወደ ቀኝ ጠቆመች።

ወይ ጉድ! ሰው የሚወደውን ነገር ግራና ቀኝ እንዴት ይረሳል? እናቴንም ጉንጯ ላይ ማርያም ስማታለች። በየትኛው ጉንጯ? አሰብኩ፣ አሰብኩ፣ ጠፋኝ። ደነገጥኩ። ከዚያ በኋላ ነገሩ እንቅልፍ የሚነሳ ሆነብኝ።

በግራም ሣልኩ፣ በቀኝም ሣልኩ። ሙቀቱ ወረቀቱን ክንዴ ላይ ይለጥፈዋል። «አይደለችም» ትላለች፣ አሁንም «አይደለችም»። በመጨረሻ እንባዋ መጣ።

«እኔ ላሟን ከረሳኋት ለልጄ ማን ይነግራታል? እሷ ፊት ውሸታም ሆኜ ልቀር ነው።»

«ተዪው እስቲ ሥዕሉን» አልኳት። «ምን ታደርጊያት ነበር?» ብልሃት አልነበረም፤ ለማወቅ ጓጉቼ ነው።

«አልባት ነበር።»

«እንዴት?»

ከወንበሯ ወርዳ ቁጢጥ አለች። ጉልበቶቿ መሃል ቅል እንደያዘ ሰው ሆነች፤ ግንባሯን አዘንብላ ላሟ ጎን ላይ ያስደገፈች መሰለች፤ እጆቿ መሳብ ጀመሩ። ድንገት ቆሙ።

«እዚህ!» ብላ ጮኸች። «በማልብበት በኩል! ዓይኔ ሥር! ሳልባት ከነጩ በቀር የሚታየኝ አልነበረም።»

እኔም አጠገቧ ቁጢጥ ብዬ ከዚያው ሆኜ ሣልኩት። ራስ የለ፣ ቀንድ የለ፤ ገጹን የሞላ ጥቁር ጎን፣ መሃሉ ላይ ነጭ፣ ከሥር የሴት ልጅ እጆች።

በማግስቱ ልጅቷን ጠርተን አሳየናት፤ እናቷም ቁጢጥ ብላ ግንባሯን ላሟ ላይ አስደግፋ እንዴት ታልብ እንደነበር አሳየቻት። ራሷ የታለ ትላለች ብዬ ስጠብቅ ነጩን በጣቷ ዳሰሰች። ከዚያ እናቷን አንድ ነገር ጠየቀቻት። ኑዌርኛ አልሰማምና ምን አለች ብዬ ነዘነዝኩ።

«ግንባርሽን ይሞቅሽ ነበር ወይ አለችኝ» አለች ባልደረባዬ።