ከለንደን የመጣው ዒድ

ባለፈው ሳምንት ብርዱ ጠንክሮብኝ ነበር። እህትህ ከአልጋ ስር ዓመት ሙሉ የከረመችውን የኤሌክትሪክ ምድጃ አውጥታ ሰካችልኝ። ሽቦው ቀስ እያለ ቀላ፤ የተኛበት አቧራም ይነድ ጀመር። ያ ሽታ አፍንጫዬ ሲደርስ ከወንበሬ ቀና አልኩ። ደንግጣ፣ «አባ፣ ላጥፋው?» አለችኝ። «ተይው» አልኳት። ከሰባ ዓመት በላይ ያላሸተትኩት ሽታ ነበር። የባለ ሬዲዮው ሱቅ፣ ሬዲዮው ሲሞቅ፣ እንዲህ ነበር የሚሸተው።

አንተ ይህን አታውቅምና ልንገርህ። ትልቁ የዓለም ጦርነት ካለቀ ብዙ ዓመት አልሆነውም ነበር። እኔ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ሐረር፣ ጀጎል ግንብ ውስጥ፣ ከፈላና በር ወደ ላይ በሚወጣው ጠባብ መንገድ፣ በአንድ ጨርቅ ነጋዴ ሱቅ ደጅ የስፌት መኪና ዘርግቼ እሠራ ነበር። እሳቸው ጨርቁን ይሸጣሉ፣ እኔ እሰፋለሁ። መደርደሪያቸው ላይ፣ በጨርቅ ጥቅሎቹ መካከል፣ ከኤደን ወደብ በመርከብና በባቡር የመጣ ትልቅ የእንጨት ሬዲዮ ነበራቸው። በሰፈሩ ሌላ ሬዲዮ ስላልነበረ ስማቸውን የሚጠራ ጠፍቶ ሁሉም ባለ ሬዲዮው ይላቸው ነበር።

ሬዲዮው ቁልፉ እንደተዞረ አይናገርም። መጀመሪያ ከጀርባው ቀዳዳዎች ቢጫ ብርሃን ይወጣል፤ ቀጥሎ ያ ሽታ ይመጣል። ከዚያ ፉጨት፣ ከዚያ በቆርቆሮ ላይ እንደሚወርድ ዝናብ ያለ ድምፅ፣ ከዚያ የለንደን ትልቅ ሰዓት ደወል። ደወሉ ሲያበቃ አንድ ሰው ጥርት ባለ ዓረብኛ «ሁና ለንደን» ይላል፤ እዚህ ለንደን ነው ማለቱ ነው። አንዳንድ ማታ ቁርኣን በዜማ ይቀራበት ነበር። ይህን መጀመሪያ የሰማ ከመንደራችን የመጣ ጫት ሻጭ፣ «አቦ፣ እንግሊዝ ሰለመ እንዴ?» ብሎ ጮኸ።

«ሰልሞ ቢሆን የያዘውን ኦጋዴን ይለቅልን ነበር» አለው ከጎኔ የሚሠራው ጫማ ሰፊ። ሱቁ በሳቅ ተሞላ።

ሰሚው ብዙ ነበር፤ የሚገባው ግን ጥቂት። የከተማዋ ሊቃውንት ዓረብኛን ጠንቅቀው ያውቃሉ፤ እነሱ ግን እዚያ ደጅ ላይ አይቀመጡም። የሚቀመጡት ገበሬዎች፣ ተሸካሚዎችና ትንንሽ ነጋዴዎች ነበሩ። እኔ አስኳላ አልገባሁም። ፊደሉን ከቁርኣን ቤት ይዤ፣ የወሬውን ዓረብኛ ጨርቅ ተጠቅልሎበት ከሚመጣ አሮጌ ጋዜጣ ላይ ለቃቅሜ፣ ማታ ማታ ከሬዲዮው ጋር እያስተያየሁ በሁለት ዓመት ጨበጥኩት። ማንም አላስተማረኝም። ለገበሬው በኦሮምኛ፣ ለከተሜው በሐረሪ እተረጉም ጀመር። የለንደን ቃዲ የሚል ስም አወጡልኝ። ፌዝ ነበር፤ እኔ ግን እወደው ነበር።

የማይወዱት አባቴ ነበሩ። መንደራችን ከፈላና በር ወጥቶ የአንድ ሰዓት ተኩል መንገድ ነው። እርሻ ትቼ መርፌ መያዜን በግድ ነበር የተቀበሉት፤ ሬዲዮውን ግን ጨርሶ አልተቀበሉትም። ገበያ በመጡ ቁጥር ደጁ ላይ ቆመው፣ «ሳጥን የሚያናግረው ሰው መጨረሻው አያምርም» ይሉኝ ነበር። እኔም በልቤ፣ እኚህን ሰው አንድ ቀን በሰው ፊት «ልጄ እንዲህ አለ» ሳላሰኛቸው አልቀርም ብዬ ቆርጬ ነበር። ከዚያ በቀር የምፈልገው ነገር አልነበረም።

የዚያ ዓመት ረመዳን ሃያ ዘጠነኛው ቀን ደረሰ። ጨረቃዋ ከታየች ነገ ዒድ ነው፤ ካልታየች ሠላሳው ይሞላል። በእኛ አገር ዒድ በወሬ አይገባም። ጨረቃን ያየ ሰው ቃዲው ፊት ቀርቦ የት ቆሞ እንዳየ፣ ቀንዷ ወዴት ዞሮ እንደነበር ይጠየቃል፤ በአላህ ይምላል። ሩቅ አገር የታየች ጨረቃም የዚያ አገር ናት፤ ሐረር የራሷን ትጠብቃለች። ይህን ሳላውቅ አላጠፋሁም። እያወቅኩ ነው።

ያን ቀን ማታ ሰማዩ ደመናማ ነበር። ወደ ኮረብታው የወጡት ተመልካቾች ገና አልተመለሱም። ባለ ሬዲዮው መስጊድ ናቸው። ሱቁን ለእኔ ትተውልኝ ሬዲዮውን ከፍቻለሁ። በመኪናዬ ዙሪያ ያልተጠናቀቀ የዒድ ልብስ ተቆልሏል። የመንደራችን ሰዎች አህዮቻቸውን ይዘው ደጁ ላይ ቆመዋል፤ ወሬውን ሳይዙ ወደ ቤት መሄድ አልፈለጉም።

ጫማ ሰፊው ነገር አማረው። «ቃዲ፣ ለንደን ዛሬ ምን ፈጠረች?»

«ስትናገር ትሰማለህ» አልኩት።

«እኔማ የምሰማው አንተን ነው። ሳጥኑ አንድ ሲል አንተ አሥር ትላለህ። ወላሂ፣ ግማሹን ከራስህ ነው የምታመጣው!»

ሰዎቹ ሳቁ። የመንደራችን ሰዎችም ሳቁ። ጆሮዬ ጋለ። በዚህ መሐል ለንደን ተናገረች፤ ጨረቃ በግብፅ ታይታለች፣ በዚያ ነገ ዒድ ነው። ብድግ አልኩ። «ጨረቃ ታየች!» አልኩ። «ነገ ዒድ ነው!»

ግብፅ የምትለው ቃል ምላሴ ላይ ነበረች። ዋጥኳት። ከተናገርኳት ወሬው የሰው አገር ወሬ ይሆናል፤ ማንም አይነሣልኝም።

«አልሐምዱሊላህ!» አሉ። ጫት ሻጩ የአህያውን ገመድ እየፈታ፣ «ለአባትህ እነግራለሁ፣ ከአንተ አፍ ነው የሰማነው እላለሁ» አለኝ። ደረቴ ሞላ። የመንደራችን ሰዎች ወርደው በፈላና በር ወጡ።

ብዙም ሳይቆይ ባለ ሬዲዮው ተመለሱ። «ተመልካቾቹ ገብተዋል» አሉ። «አልታየችም። ሠላሳውን እንሞላለን።» የቀሩት ከተሜዎች እኔን አይተው መሳቅ ጀመሩ። እሳቸው አልሳቁም።

«ለንደን ምን አለች?»

«ታየች አለች።»

«የት?»

«ግብፅ።»

«ይህን ለሰዎቹ ነግረሃቸዋል?»

ወደ ስፌት መኪናዬ ጎንበስ አልኩ። እሳቸው ሬዲዮውን አጠፉት። «ሬዲዮው ድርሻውን ተናግሯል» አሉ። «የጎደለው የአንተ ነው። ሄደህ ሙላው። ሰው እንዳትልክ፣ ራስህ ሂድ።»

እዚህ ላይ እውነቱን ልንገርህ። ያን ጊዜውኑ ብሮጥ እደርስባቸው ነበር፤ በአህያ ነው የሚሄዱት። አልሮጥኩም። ጨልሟል አልኩ፣ ጅብ አለ አልኩ፣ የሚሰፋ ልብስ አለብኝ አልኩ። ምናልባትም አባቴ ወሬውን አያምኑም፣ እንደ ሁልጊዜው ይንቁታል አልኩ። ሰው ሲፈራ ምክንያት አያጣም። ዛሬ በስልክ የሚደርስህን ሁሉ ስታነብልኝ «ማን አየ? የት?» ብዬ ሳፋጥጥህ እንደሚያናድድህ አውቃለሁ። ሽማግሌ ስለሆንኩ ብቻ አይደለም።

በማግስቱ ሳይነጋ ሱሁሬን በልቼ፣ የንጋት ሶላቴን ሱብሒ ሰግጄ ወጣሁ። ዳገቱን ስወጣ መንገድ ላይ አሥር ዓይነት ንግግር አዘጋጀሁ። መንደሩ አጠገብ ስደርስ የጥብስ ሽታ ተቀበለኝ። ልጆች እኔ የሰፋሁላቸውን አዲስ ልብስ ለብሰው እየሮጡ መጡ። መመለስ እችል ነበር፤ ማንም ትልቅ ሰው አላየኝም። አልመለስም አልኩ። ጮክ ብዬ ነው ያልኩት፤ ልጆቹ ዞረው አዩኝ።

አባቴ ግቢ ውስጥ ነጭ ለብሰው ከአሥር ከሚበልጡ ጎረቤቶች ጋር ተቀምጠዋል። በግ አርደዋል። ሲያዩኝ ብድግ አሉ፤ ለእኔ ተነሥተው አያውቁም ነበር።

«ይኸው መጣ!» አሉ። «ልጄ! ቃዲው እንኳን ሳይሰማ፣ ልጄ ከለንደን ሰምቶ ላከልን!»

«ቃዲ!» አለ ጫት ሻጩ አፉን እንደሞላ። «ለንደን ዛሬስ ምን አለች? በጉ ወፍሯል አለች?»

አባቴ ከጉበቱ ቆርጠው ወደ አፌ ዘረጉ። «እንካ። ቢስሚላህ በል።»

ያዘጋጀሁት ንግግር ሁሉ ጠፋ። «አባ፣ ጾም ነኝ» አልኩ።

«በዒድ ቀን? አስታግፊሩላህ! መጾም ሐራም አይደለም እንዴ?»

«ዒድ አይደለም። ዛሬ ሠላሳኛው ነው። ጨረቃዋ የታየችው ግብፅ ነው፤ ሐረር አልታየችም። ሬዲዮው ግብፅ ብሎ ነበር። የተውኩት እኔ ነኝ።»

የአባቴ እጅ እንደተዘረጋ ቀረ፤ ስቡ በአንጓቸው ላይ ወርዶ ወደ እጅጌያቸው ሲገባ ይታየኝ ነበር። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ለእኔ ብቻ በሚሰማ ሁኔታ፣ «ረስተህ ነው?» አሉኝ።

በር እየከፈቱልኝ ነበር። አዎ ብል ጉዳዩ የልጅ ስህተት ሆኖ ያልፋል፤ የሳቸውም ክብር ይድናል።

«አልረሳሁም» አልኩ። «እንዲያምኑኝ ብዬ ነው።»

ጉበቱን ወደ ሳህኑ መለሱት። ውሃ አስመጥተው አፋቸውን ተጉመጠመጡ፣ ተፉ። ከዚያ ወደ እንግዶቹ ዞሩ። «የጠራኋችሁ እኔ ነኝ» አሉ። «ልጄ አለ ያልኳችሁም እኔ ነኝ። ሥጋውን ሸፍኑት። ጀምበር ገብታ መግሪብ እስኪደርስ የሚበላ የለም።»

አንድ ሽማግሌ፣ «አፌ ውስጥ ያለውንስ ልዋጠው ወይስ ወደ ለንደን ልመልሰው?» አሉ። ማንም አልሳቀም። እሳቸውም ተፉት።

ወደ አባቴ ግቢ ያልመጡ አራት ቤቶች ነበሩ። በእያንዳንዱ ደጅ ቆሜ ያንኑ ተናገርኩ። አንደኛው ሰደቡኝ፤ ሌላው በራቸውን ዘጉ። አንዲት ሆዷ የገፋ ሴት ግን ወንፊት በእጇ ይዛ፣ «ይህን ሆድ ተሸክሜ ሃያ ዘጠኙን ጾምኩ፤ አንዱን አንተ በላህብኝ» አለችኝ። ስድቡን ረስቻለሁ፤ ይህን ግን አልረሳሁም።

ወደ ስፌቴ ተመለስኩ። ሬዲዮውንም አልተውኩም፤ ጥፋቱ የሬዲዮው አልነበረምና። ነገር ግን ከዚያ ወዲያ መጀመሪያ ቦታውን ሳልናገር ወሬውን ተናግሬ አላውቅም። ጫማ ሰፊው እንኳን ማፌዙን ተወ። አባቴ ግን ገበያ ሲመጡ በደጃችን ማለፍ አቆሙ። አንድ ቀን ሸዋ በር አጠገብ፣ አንድ ሰው «ያ ለንደን የሚሰማው ልጅዎ እንዴት ነው?» ሲላቸው ከኋላቸው ቆሜ ሰማሁ። «እሱማ ልብስ ይሰፋል» አሉ።

ረመዳን ሊመለስ ሁለት ወር ሲቀረው አባቴ ሰው ላኩብኝ። «ያን ቀን ጾሜ ልተካ ነው፤ ና» የሚል ነበር መልእክቱ። እኔ የምተካው ቀን አልነበረብኝም። ግን ጾሜን ሄድኩ።

ቀኑን ሙሉ የፈረሰ እርከን አብረን ስንክብ ዋልን። ድንጋይ አቀብላለሁ፣ እሳቸው ያስቀምጣሉ። ወደ ማምሻው እናቴ ቴምርና ውሃ አምጥታ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ አስቀምጣልን ሄደች። ከዚያ እርሻ የመስጊድ አዛን አይሰማም። ሰማዩ ከዳር እስከ ዳር ጥርት ያለ ነበር።

አባቴ እጃቸውን አራገፉና ተቀመጡ፤ ፊታቸውን ወደ እርከኑ፣ ጀርባቸውን ወደ ምዕራብ አድርገው። የደከማቸው መሰለኝ። ዓይናቸው ግን ጤነኛ ነበር፤ ከእኔ ይልቅ ሩቅ የሚያዩ እሳቸው ነበሩ።

«ውጣና እይልኝ» አሉ።

እርከኑ ላይ ወጣሁ። ጀምበሯ ከተራራው ጫፍ ላይ ቀልታ ተቀምጣለች።

«ገባች?»

«አልገባችም።»

ግማሿ ሄደ። ከዚያ እንደ ጥፍር ቁራጭ ቀረች። ያቺም ጠፋች። ተራራውን ከዳር እስከ ዳር አየሁት፤ አንድ ጊዜ ተንፍሼ ደግሜ አየሁት። አባቴ ቴምሩን በሁለት ጣታቸው ይዘው ይጠብቃሉ።

«ገባች?»

«ገብታለች፣ አባ። በዓይኔ አየሁ።»

ወደ ኋላ አልዞሩም። ቢስሚላህ ብለው ቴምሩን አፋቸው ውስጥ ጨመሩ።