ነዚፍ የቀባቸው ሽጉጦች

ከጅማ ተነስታችሁ፣ ከየቡ ወደ አጋሮ ስትወጡ በስተግራ አንድ ኮረብታ አለ። ዛሬ የስልክ አንቴና ተተክሎበታል። ከሥሩ ያለው ቡናም ያኔ የነበረው አይደለም፤ ያ ተቃጥሎ እንደገና የተተከለ ነው። ልጆቼ በሚኒባስ ባለፍን ቁጥር «አባዬ፣ እዚህ ነው አይደል የተዋጋችሁት?» ይሉኛል። አዎ እላለሁ። ቀጥለው የሚጠይቁኝ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ ከሽጉጥ የትኛው ይሻላል? ፊልም አበላሽቷቸዋል መሰለኝ። እኔ የሚሻለውን አላውቅም። ሊሸሹት የሚገባውን ግን አውቃለሁ፤ ያወቅሁትም እዚያ ላይ ነው።

የደርግ ማብቂያ ነበር። የጦር ግንባሩ አማፂዎቹ ከሚመጡበት ከወለጋ በኩል እየተገፋ ወደ ቡናው አገር ገብቷል። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ «ከየቡ በላይ ያለውን ኮረብታ ይዛችሁ መንገዱን ጠብቁ» የሚል ትእዛዝ ደረሰን። እኛ የመንግሥት ጦር አንድ መቶ ነበርን። መቶ ሲባል የመቶ አለቃ የሚመራው ጦር ማለት ነው እንጂ ቁጥራችንስ ሠላሳም አይሞላ። አለቃችን መቶ አለቃ ደምሴ ይባላል። ወታደሩን ሁሉ «ልጄ» እያለ የሚጠራ፣ ራሱ ግን ገና ጎረምሳ የሆነ ሰው ነበር። እኔ አስር አለቃና የመሣሪያ ኃላፊ ነበርኩ።

ምሽግ ቆፍረን ሳንጨርስ ከጅማ አንድ ጆንያ ሽጉጥ ተላከልን። እኛ የጠየቅነው ጠመንጃና ጥይት ነው። የመጣልን ግን በነዚያ ዓመታት ከየነጋዴውና ከየባላባቱ ቤት ሲወረስ የከረመ ሽጉጥ ነበር። «ምሽግ ውስጥ ለቅርብ ውጊያ ይሆናችኋል» ተባልን። ወይ ጉድ! አንዷን ሳወጣት ከአፈሙዟ የደረቅ ቡና ገለባ ተራገፈ። ጅማ ሄርማታ ገበያ ያለ አንድ ነጋዴ ፍተሻ ሲመጣበት ቡና ጆንያ ውስጥ ቀብሯት ኖሮ ነው አሉ። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ልቤ አንዷንም አልወደደም።

እኔ ድሮም ሽጉጥ አላምንም። ጠመንጃ በየቀኑ ይተኮሳል፤ ሕመሙ ቶሎ ይታወቃል። ሽጉጥ ግን ወገብ ላይ ተኝታ ትከርምና በጭንቅ ቀን ነው አመሏን የምታወጣው። ስለዚህ መሬት ላይ ሸራ አንጥፌ አንድ በአንድ መረመርኳቸው። መጀመሪያ የማየው ቁጥር ነው። ላይኛው ብረት ላይ የተመታው ቁጥርና እጀታው ላይ ያለው ካልተመሳሰለ፣ ከሁለት የሞቱ ሽጉጦች የተገጣጠመች ናት፤ ወደ ጎን። ቀጥሎ ካዝናዋን አያለሁ። የካዝናው ከንፈር ከተጣመመ ጥይቱን አጋድሞ ያቀርበዋል፤ ትነክሳለች፣ ጥይቱ መሃል ላይ ይሰነቀራል። ካዝናው ውስጥ ያለውን ሞላ በአውራ ጣቴ እጫነዋለሁ፤ ለዓመታት ጥይት ተጭኖት የኖረ ሞላ ደክሞ ይገኛል። በጣሊያን ጊዜ የገቡ ትንንሾች ነበሩ፣ የሴት ቦርሳ ውስጥ የሚገቡ። ጥይታቸው ከኔ ዕድሜ ይበልጣል፤ ሦስት ሞክሬ ሁለቱ ከሸፉ። በሞረድ ተሠርተው የፋብሪካ ማህተም የተመታባቸው ሐሰተኞችም ነበሩ። ፊደሉን እንኳ ቀጥ አድርጎ መምታት ያቃተው ሰው የሠራውን ብረት ማን ፊቱ አጠገብ ይተኩሳል?

ጎማዋ እየተሽከረከረ ጥይት የምታቀርብ አንድ አሮጌ ሽጉጥ ግን ወደድኳት። አንዱ ቢከሽፍ ቃታውን ደግሞ መሳብ ነው፤ ሌላው ይመጣል። እሷን ለራሴ ያዝኩ። ለሠራዊቱ የሚታደለው የራሺያ ሽጉጥ ሁለት ነበር፤ የውስጥ ዕቃው ጥቂት ስለሆነ የሚበላሽ ነገር የለውም። አንዱ ለመቶ አለቃው፣ አንዱ ለካድሬው ሆነ። ከቀሩት የተሻሉትን ጠመንጃ ላልደረሳቸው ልጆች አደልኩ። ደምሴ ሸራው አጠገብ ቆሞ ይስቅብኛል።

«አስር አለቃ፣ ሚስትህንም ስትመርጥ እንዲህ ፈትተህ ነው?»

«ኧረ እሷ ናት ፈትታ የመረጠችኝ፣ ጌታዬ» አልኩት።

ካድሬው ጓድ መኩሪያ ይባላል። እኔ ሽጉጥ ብጠረጥር እሱ ሰው ይጠረጥራል። ሁለት ወታደር ጠጋ ብሎ ካወራ ስለ ምን እንዳወሩ ይጠይቃል። ከሁሉም በላይ ዓይኑን የጣለው ነዚፍ ላይ ነበር። ነዚፍ ከጅማ አጠገብ ከሰቃ የመጣ የገበሬ ልጅ ነው፣ እጁ ብረት የሚወድ፣ ዝምተኛ። ታላቅ ወንድሙ ጫካ ገብቷል ይባላል። እውነት ይሁን ሐሰት ያረጋገጠ የለም። መኩሪያ ግን በየአጋጣሚው ወደ ጆሮዬ ጠጋ ይልና «ወንድሙ ማዶ፣ እሱ እዚህ። ይሄ ነገር አይሸትህም?» ይለኛል። ጥርጣሬ ደግሞ ይጋባል። ነዚፍ አመሻሽ ላይ ወደ ማዶው ጫካ አሻግሮ ሲያይ እኔም ምን እያሰበ ይሆን ማለት ጀምሬ ነበር።

በዚህ መሃል ወባ ጣለኝና ባለጎማዋን ሽጉጤን ታጥቄ ጅማ ሆስፒታል ገባሁ። መቶ አለቃው የሽጉጦቹን ጽዳት ለነዚፍ ሰጠ። ጠመንጃ ግን እያንዳንዱ ወታደር የራሱን ነው የሚያጸዳው፣ በነጭ ጋዝና ከመኪና በተቀዳ ዘይት። ሦስት ሳምንት ያህል ቆይቼ ስመለስ ሽጉጦቹ ያብረቀርቃሉ። «የሠርግ ዕቃ አስመሰላቸው እኮ!» አለኝ ጴጥሮስ። ጴጥሮስ ከከምባታ አገር ለቡና ለቀማ መጥቶ ከዚያው የተመለመለ ጴንጤ ነው፤ ለቀልድ እንኳ ውሸት የማይወጣው ሰው። ላያቸው ብዬ እጄን ብዘረጋ መኩሪያ ከለከለኝ። እኔ በሌለሁበት አንዱ ሲነካካ የራሱን እግር መትቶ ነበርና፣ ጥይት ጎርሰው ወገብ ላይ ያሉትን ማቀባበልም ሆነ መፍታት ክልክል ሆኗል። ደስ አላለኝም። ሆኖም ትእዛዝ ትእዛዝ ነው፤ ሳልፈታቸው ተውኳቸው።

በማግስቱ ንጋት ላይ አማፂዎቹ መጡ።

ጉም ነበር። መጀመሪያ ሞርታር ወደቀ። ከዚያ ቡናው ውስጥ ቅርንጫፍ ሲሰበር ሰማን። ተኮስን። መለስናቸው። ጉሙ ሳይገለጥ እንደገና መጡ፤ እንደገና መለስናቸው። በሦስተኛው ግራ ክንፋችን ተሰበረና ምሽጉ አፍ ላይ ደረሱ። አንዱ ዘሎ መቶ አለቃ ደምሴ ፊት ለፊት አረፈ። በመሃላቸው ሁለት ክንድ አይሞላም። ደምሴ ቀደመው፤ ሽጉጡን መዞ ቃታ ሳበ። ጠቅ አለች። አቀባበለ። ላይኛው ብረት ግማሽ መንገድ ሄዶ ቆመ።

«እምቢ አለች» አለ፣ ወደኔ ዞሮ። ድምፁ የተገረመ ሰው ድምፅ ነበር።

ሌላ ቃል ሳይጨምር ሰውየው ተኩሶ ጣለው። የገደለውን እኔ በባለጎማዋ ሽጉጤ መታሁት። ከኔ በስተቀኝ ሁለት ልጆች ሽጉጣቸውን ሲታገሉ ወደቁ። አንዱ በመጨረሻ ሽጉጡን እንደ ድንጋይ ሲወረውር አይቻለሁ። ረፋዱ ላይ ሲያፈገፍጉ እኛም የምንከተልበት ጉልበት አልነበረንም።

ጭሱ ሳይጠራ መኩሪያ መጮህ ጀመረ። «አሻጥር ነው! ሽጉጦቹን ማን ነው የያዛቸው? ነዚፍን አምጡት!» ነዚፍን የፊጥኝ አስሮ ከአንድ የቡና ጥላ ዛፍ ሥር አስቀመጠው። ጴጥሮስን ጠባቂ አደረገበት። ማንም አልተከራከረም። ደምሴ ሞቶብናል፤ ሁላችንም አንድ ጥፋተኛ ፈልገን ነበር። እኔም ጭምር።

የደምሴን ሽጉጥ ከእጁ አላቅቄ ልፈታት ሞከርኩ። በእጅ አልፈታ አለችኝ፤ በሳንጃ ጫፍ ፈልቅቄ ነው የከፈትኳት። ውስጧ በሙሉ ብጫ ሙጫ ነው። ጥይቱን የምትመታው መርፌ ቤቷ ውስጥ ተጣብቃለች፤ የላይኛው ብረት መሄጃም እንደዚያው። አሸተትኩት። ኑግ ኑግ ይላል። ይዤያት ወደ ነዚፍ ሄድኩ።

«ምንድን ነው የቀባኸው?»

«የኑግ ዘይት። የመሣሪያው ዘይት አልቆ ነበር፣ የቡ ካለው መጭመቂያ አመጣሁ።»

«ሽጉጥ በኑግ ዘይት? ማን አስተማረህ!»

«አባቴ» አለ። «ቡና ለቀማ ሲያልቅ ገጀራውን በኑግ ዘይት ቀብተን ፀሐይ ላይ እናሰጣለን። እስከ ሌላው ዓመት ዝገት አይነካውም። እነዚህንም ፈትቼ ቀባኋቸው፣ አሰጣኋቸው። ሦስቴ ነው የቀባኋቸው፣ ወላሂ፣ አሳምሬ ነው የቀባኋቸው።»

እውነቱን ነው፤ እዚህ አገር ገጀራ እንዲሁ ነው የሚከርመው። የኑግ ዘይት ፀሐይ ሲያገኝ ይደርቅና ብረቱ ላይ ቆዳ ይሠራል። ለገጀራ መድኃኒት ነው። ሽጉጥ ግን ውስጧ የሚንሸራተት ዕቃ ነው ያላት፤ እሷን ቀብቶ ማስጣት ማጣበቅ ነው። ደሜ ፈላ። በዚያው አንጀቴን በላኝ። ከዚያ የመኩሪያ ሹክሹክታ መጣብኝ፤ ይሄ ልጅ ይህን የተናገረው አስቦበት ቢሆንስ?

«የራስህ ሽጉጥ የት አለ?» አልኩት።

በአገጩ ወገቡን አሳየኝ። አወጣኋት። ከሁሉም የባሰ የተጣበቀችው የሱ ነበረች፤ ቃታዋ እንኳ አይነቃነቅም። ያን ጊዜ ነው እጆቹን ያየሁት። መዳፉ ተሰነጣጥቆ ደም ለብሷል። ሽጉጧ እምቢ ስትለው ምሽጉ ውስጥ በአካፋ ሲዋጋ እንዳረፈደ ገባኝ። ጥርጣሬዬ እዚያው ቀረ።

ለመኩሪያ ሁሉንም አስረዳሁት። ሙጫውን አሳየሁት፣ የነዚፍን ሽጉጥ አሳየሁት፣ የአካፋውን ነገር ነገርኩት። ሰምቶኝ ሲያበቃ ራሱን ነቀነቀ።

«እና የኑግ ዘይት ነው የገደላቸው? አስር አለቃ፣ አንተ ሞኝ ነህ። ወንድሙ ማዶ ነው። የራሱን የቀባው እንዳንጠረጥረው ነው።»

«ጓድ መኩሪያ፣ እንዲህ ከተባለማ ንጹሕ ሰው የሚባል አይኖርም።»

«አዎ» አለኝ። «አብዮታዊ እርምጃ ይወሰድበታል። አሁኑኑ።»

ነዚፍ ሰማ። አልጮኸም፣ አልለመነም። «ላ ኢላሃ ኢለላህ» ማለት ጀመረ፣ ቀስ ብሎ፣ ደጋግሞ። መኩሪያ ሽጉጡን መዝዞ ከነዚፍ ጆሮ በላይ ደገነ። ቃታ ሳበ።

ጠቅ።

አቀባበለ። ግማሽ ሄዶ ቆመ። በሁለት እጁ ጎተተው፣ ጉልበቱ መሃል አድርጎ ታገለው። የሱንም ያሳመረለት ነዚፍ ነበር። አንድም ሰው አልሳቀም። ነዚፍ ዓይኑን ጨፍኖ ጸሎቱን መደጋገሙን ቀጥሏል፤ በሕይወት መኖሩን ያወቀ አልመሰለኝም።

መኩሪያ ፊቱ ደም መሰለ። ወደ ጴጥሮስ ዞረ። «አንተ! በጠመንጃህ!»

ጴጥሮስ ጠመንጃውን አየው። ጠዋቱን ሙሉ ሲያስጮኸው የነበረ ጠመንጃ ነው፤ አፈሙዙ ገና አልቀዘቀዘም።

«አይሠራም፣ ጓድ» አለ። «ይሄንንም ነዚፍ ነው የቀባው።»

ጆሮዬን አላመንኩም። ጴጥሮስ ዋሸ! መኩሪያ ወደሚቀጥለው ወታደር ዞረ። «አንተስ?» ልጁ ጴጥሮስን አየና «የኔንም ነዚፍ ነው የቀባው» አለ። ሦስተኛውም ያንኑ አለ። አራተኛው ሳይጠየቅ ተናገረ። መኩሪያ እየዞረ እያንዳንዳችንን በዓይኑ ፈተሸ። ሞኝ አልነበረም፤ ሁሉንም ያውቃል። በመጨረሻ እኔ ጋ ደረሰና እጁን ዘረጋ።

«ሽጉጥህን።»

ከጆንያው ሁሉ መርጬ ያስቀረኋት፣ አንድ ቀን ከሽፋ የማታውቅ ሽጉጥ ወገቤ ላይ ናት። ደምሴን የገደለውን የመታሁባት፣ ያንንም መኩሪያ ራሱ አይቷል። 

«የኔንም ነዚፍ ነው የቀባት፣ ጓድ» አልኩት።

መኩሪያ የዘረጋውን እጁን ሰበሰበ። ብቻውን ነበር፤ እኛ ደግሞ ሁላችንም ጠመንጃ ይዘናል። ከዚያ የማትሠራ ሽጉጡን ወደ ማኅደሯ መልሶ ቁልቁል ወደ መንገዱ ወረደ። ከዚያ በኋላ አላየሁትም።

ጴጥሮስ የነዚፍን ገመድ በጩቤ በጠሰለት። ከቀትር በኋላ ኮረብታውን እንድንለቅ ታዘዝን። ከመሄዳችን በፊት ቀበርን። ነዚፍ በዚያ በተሰነጠቀ እጁ የደምሴን ጉድጓድ ራሱ ቆፈረ፤ ያዘዘው የለም። «ልቀበልህ?» ቢሉት አካፋውን እምቢ አለ። ሲጨርስ ጉድጓዱ ውስጥ እንደቆመ ቀና ብሎ አየኝ።

«አስር አለቃ፣ እሱን የገደለው የኔ ዘይት ነው?»

አይደለም ብል አያምነኝም። በዚያ ቀን የዋሸሁት ደግሞ በቃኝ።

«አዎ» አልኩት። «ዘይቱ ነው። አንተ ግን አይደለህም።»

ያን ጊዜ ነው ያለቀሰው። እኛም አብረነው አለቀስን።

አምስት ሰው ቀበርን። መቶ አለቃ ደምሴን፣ ሽጉጣቸውን ሲታገሉ የወደቁትን ሁለት ልጆችና በሞርታር የሞቱትን ሁለት። የወዲያኞቹንም ሙታን ቡናው ውስጥ አይቻቸዋለሁ፤ እነሱን የቆጠረ አልነበረም። የአምስቱን ስም እስከ ዛሬ አልረሳሁም፤ ለእናቶቻቸው ስናገርም «ጠላት ገደላቸው» ብዬ ነው፤ የጦርነት ነገር ነውና ያስኬዳል። የመኩሪያ ሽጉጥ ብትተኩስ ኖሮ ግን ስድስት ይሆኑ ነበር፤ ለስድስተኛው እናት ሰቃ ድረስ ሄጄ ምን እላት እንደነበር እግዜር ይወቀው።