አጎት ሻንና አረንጓዴዎቹ ከረጢቶች

አጎት ሻን ለሰርቨሮቹ የሚናገረው በለሆሳስ ነው፤ እኛ ላይ ግን ይጮኻል። “እነሱ ይሰማሉ፤ እናንተ አትሰሙም” ይላል።

ሙሉ ስሙ ቱ ጂን-ሻን ነው። በቤይጋንግ ስኳር ፋብሪካ የሸንኮራ ባቡር መሻገሪያ ጠባቂ ነበር። ባቡሮቹ ሥራ ሲያቆሙ ኮምፒውተር ተማረና ወደ አሻንጉሊት ቲያትር ስቱዲዮአችን መጣ። ዛሬም ግን የባቡር ሰው ነው። ፋይል ሲላክ የማሽን ክፍሉ በር ላይ ቀጥ ብሎ ይቆምና፣ ስክሪኑ ላይ ያለው መስመር ሞልቶ እስኪያልቅ ንቅንቅ አይልም። ውጭ ፀሐይ አስፋልቱን ስታቀልጥ እሱ በቀዝቃዛው የማሽን ክፍል ሹራብ ለብሷል። ክፍሉ ውስጥ መብላት ክልክል ስለሆነ አንድ እግሩን ውጭ አድርጎ ኦቾሎኒ ይፈለፍላል። ክልከላውን ያወጣው ራሱ ነው።

በእያንዳንዱ ማሽን ላይ አንድ አንድ ከረጢት የበቆሎ ቺፕስ ተቀምጧል። ስሙ ኳይኳይ ነው፤ ትርጉሙም “ጨዋ ሁን”። ከረጢቱ እንደ ትራፊክ መብራት አረንጓዴ መሆን አለበት፤ ቢጫ አይሆንም። ጊዜው ያለፈበትም አይሆንም። መብላትማ አይታሰብም። ማሽኑ አደብ እንዲገዛ ተብሎ በአገራችን ማሽን ባለበት ሁሉ የሚደረግ ነገር ስለሆነ ማንም አይስቅበትም።

በባሕር አምላኳ በማዙ በዓል ሰሞን የታይፔው ቴሌቪዥን ጣቢያ የተከታታይ ቲያትራችንን የመጨረሻ ክፍል ማታ ሊያሳይ ነበር። ፋይሉን ከሰርቨራችን የሚወስዱት፣ መንገድ ላይ ማንም እንዳያየው ተቆልፎ ነው። ግማሽ መንገድ ላይ ከተቋረጠ የደረሰውን ይጥሉና ከመጀመሪያው ይጀምራሉ።

ጠዋት ተቋረጠ። እንደገና ጀመሩ፤ እንደገና ተቋረጠ። ፖስተሮቹና ፎቶዎቹ በሰላም ያልፋሉ፤ ረጅሙ ፋይል ግን ከግማሽ አለፍ ሲል ጭጭ ይላል።

የስቱዲዮው ባለቤት ወይዘሮ ልያው ምሳቸውን ሳይበሉ መጡ።

“ስማ ሻን፣ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ካልደረሰ ሰዓታችንን ለሌላ ይሰጡታል። እኔም ከነገ ጀምሮ ማሽኖቹን ለታይፔ ባለሙያዎች አስረክባለሁ። አንተ ኦቾሎኒህን ቤትህ ቁጭ ብለህ ትፈለፍላለህ።”

“እትዬ፣ ገመድ ነው የሚሆነው።”

ገመዱን ለወጠ። የይለፍ ቁልፉን አረጋገጠ። ዝም ሲባባሉ መስመሩ እንዳይዘጋባቸው፣ ሁለቱ ማሽኖች በየመሃሉ “አለሁ” እንዲባባሉ አደረገ። የቲያትሩን ግጥም የምጽፈው እኔ ይህን ስሰማ አፌን ከፍቼ ቀረሁ፤ ለካ ማሽንም “አለሁ” የሚለው ይፈልጋል! አጎት ሻን ገላመጠኝ።

“ግጥም አድርገሽው እንዳትመጪ” አለ።

መስመሩ ተቋረጠ።

“አጎቴ፣ ከረጢቱ ጊዜው አልፎበት ይሆን እንዴ?” አለች እንግዳ ተቀባይዋ ፔይሮንግ።

ሁላችንም ወደ ፈታሹ ሣጥን ዞርን። ከስቱዲዮው የሚወጣውን እየቆለፈ፣ የሚገባውን እየፈተሸ የሚያሳልፍ ትንሽ ጥቁር ዕቃ ነው። በቅርቡ ነው የተተከለው። የተተከለ ዕለት አጎት ሻን በገዛ እጁ አንድ ከረጢት አናቱ ላይ አስተኝቶለታል። ቀኑን አየ፤ አላለፈም።

“አዲስ ነው፣ ገና አደብ አልገዛም። አንድ አይበቃውም” አለ በቁም ነገር።

ፔይሮንግ ሮጣ ገዝታ መጣች። ሁለት ተጨመረለት። አሁን ደግሞ ግማሽም ሳይደርስ ተቋረጠ።

“ንቆናል!” አለ አጎት ሻን፤ ሌላም ጨመረ። ሣጥኑ በበጋ ብርድ ልብስ የደራረቡበት ሕፃን መስሎ ከዓይን ጠፋ። መስመሩም ገና ሲጀምር መውደቅ ያዘ።

“በቃ!” አሉ ወይዘሮ ልያው። ከረጢቶቹን በክንዳቸው ጠርገው አቀፏቸው። አንዱን ቀደዱና ቆረጠሙ።

አጎት ሻን ሁለት እጁን ራሱ ላይ ጫነ።

“እትዬ! የማሽኑ ነው እኮ!”

“ርቦኛል! ከፈለገ መጥቶ እኔን ይብላኝ!”

ፔይሮንግ ዓይኗን ጨፈነች። “አለቀልን። እትዬ በሉት እኮ።”

አጎት ሻን ታይፔ ደውሎ ለመጨረሻ ጊዜ እንዲሞክሩ ለመናቸው። እነሱም እያጉረመረሙ፣ ሻያቸውን ጠጥተው ሲያበቁ ጀመሩ። የሚሰማው የወይዘሮ ልያው ጥርስ ብቻ ነበር። መስመሩ ግማሽን አለፈ። ሄደ፣ ሄደ... ሞላ።

“ደረሰ! ለካ መብላት ነበረብን!” ብላ ፔይሮንግ ዘለለች።

አጎት ሻን አልዘለለም። እጁን ሣጥኑ ላይ አሳረፈ፤ አሁንም ለብ ይላል። ጎንበስ ብሎ አናቱን አየ። እኔም አየሁ፤ ወንፊት የመሰሉ ትናንሽ ቀዳዳዎች። መተንፈሻዎቹ ናቸው። ረጅም ፋይል ሲቆልፍ ይሞቃል፤ ከረጢቶቹ ደግሞ ሙቀቱን መውጫ ያሳጡታል። ሲግል ራሱን ያጠፋል፤ እንደገና ይነሣል፤ መስመሩ ግን ተበጥሷል። “ጨዋ ሁን” እያልን አፍንጫውን ይዘነው ነበር!

የአጎት ሻን ጆሮ ቀላ። ገመዱ ነው ቢል የሚከራከረው አልነበረም።

“እትዬ፣ ገመዱ አይደለም። እኔ ነኝ ያፈንኩት” አለ።

ወይዘሮ ልያው ጣታቸውን ላሱ። “የታይፔዎቹ ቢሆኑ ሣጥኑ ተበላሽቷል ብለው አዲስ ያስገዙኝ ነበር። አንተ ቢያንስ ምሳ አብልተኸኛል።” ወጡ።

በማግስቱ ጠዋት ራሳቸው አዲስ አረንጓዴ ከረጢት ይዘው መጡ። ቀኑን ሁለት ጊዜ አይተውታል።

“በጎኑ፤ አናቱ ላይ እንዳይሆን” አሉና ሰጡት።

አጎት ሻን ከመደርደሪያው ጠርዝ ላይ በክር አንጠለጠለው። ከዚያ ወደ ሣጥኑ ጎንበስ ብሎ በለሆሳስ አንድ ነገር ተናገረ።

“ምን አሉት አጎቴ?” አለች ፔይሮንግ።

“ይቅርታ ጠየቅኩት!” ብሎ ጮኸባት።